ከፓኔሉ በፊት ጣሪያው፦ የጅማ ቤታችን የሶላር ሥራ ማስታወሻ

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ በስልክ የተላከልኝ ፕሮፎርማ አራት መስመር ብቻ አለው። ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔል 35,000 ብር፣ ባለ 3 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (የፓኔሉን፣ የባትሪውንና የመንገዱን መስመር አገናኝቶ ለቤት የሚሆን ኃይል የሚያወጣ መሣሪያ) 62,000 ብር፣ ባለ 25.6 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ 88,000 ብር፣ የገጣጣሚ ክፍያ 15,000 ብር፤ ድምሩ 200,000 ብር ነው። ከግርጌው ዋጋው የሚጸናው ለሦስት ቀን ብቻ መሆኑ ተጽፏል፤ የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ እንዲህ ማድረጉ ስለተለመደ በዚህ አልተገረምኩም። የገረመኝ ስለ ቤቱ አንድም ጥያቄ አለመቅረቡ ነው። ጣሪያው ወዴት እንደሚያዘነብል፣ በምን እንጨት እንደቆመ፣ ዛፍ ያጠላበት እንደሆነ፣ በቀን ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደምንጠቀም የጠየቀኝ የለም። ዋጋው ከጨመረም ይጨምር ብዬ ሦስቱን ቀን አሳለፍኩና መለካት ጀመርኩ።

ጥር 22

ለአንድ ሳምንት የቆጣሪውን ንባብ ጠዋትና ማታ መዘገብኩ። ሶኬት ላይ ተሰክቶ የእያንዳንዱን ዕቃ ፍጆታ የሚያሳይ ዋት ሜትር ደግሞ ከአንድ ኤሌክትሪሺያን ወዳጄ ተውሼ ከፍሪጅ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ዋይፋይ ሳዘዋውር ሰነበትኩ። የሳምንቱ ፍጆታ 52 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። ከዚህ ውስጥ 14ቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ሰዓት የሚጣደው የእንጀራ ምጣድ፣ 15ቱ የምድጃው፣ 3ቱ የካውያውና የውሃ ማፍያው ነው። የቀረው 20 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም በቀን 2.8 ገደማ፣ መብራት ሲጠፋ በእርግጥ የሚያስጨንቁን ዕቃዎች ድርሻ ነው፤ ፍሪጁ 1.1፣ ቴሌቪዥኑ 0.45፣ አሥራ ሁለቱ አምፖሎች 0.43፣ ሁለቱ ላፕቶፖች 0.36፣ ውሃ ወደ ሮቶው የሚገፋው ፓምፕ 0.25፣ ዋይፋዩ 0.24።

ምጣዱ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር ሊሸከመው አይችልም። ተለቅ ያለ ኢንቨርተር ብገዛ እንኳ አንዱ ጋገራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈልግ ባትሪው ሙሉ ሆኖ የሚይዘው 2.56 ብቻ ነው። ስለዚህ ምጣዱና ምድጃው ከሶላሩ ውጪ እንዲቀሩ ወሰንኩ። ባለቤቴ «እንጀራ የማይጋግር መብራት እንግዲህ ምኑ መብራት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ውሳኔው ግን አልተለወጠም።

ጥር 25

በኮርኒሱ ቀዳዳ ወደ ላይ ወጥቼ የጣሪያውን እንጨት በባትሪ መብራት አየሁ። ቤቱ በ1994 ዓ.ም. የተሠራ የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ጣሪያው ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ነው፤ ወራጁም ማገሩም ባሕር ዛፍ ነው። (የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ከ32 ይወፍራል።) ከታች ሲያዩት ጤነኛ የሚመስለውን ማገር በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ሳደርገው ብረቱ እስከ እጀታው ገባ። ከውስጥ የወጣው እንደ በሶ የላመ ዱቄት ነበር፤ ምስጡ ቅርፊቱን ብቻ አስቀርቶ ውስጡን ጨርሶታል። በዚያው መስመር ስቀጥል ከሦስት ማገር አንዱ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።

አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል 28 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስፋቱም ከሁለት ተኩል ካሬ ሜትር በላይ ነው። ክብደቱን ብቻ ቢሆን እንጨቱ ምናልባት ይችለው ነበር። ያሰጋኝ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነሣው ነፋስ ነው፤ ከፓኔሉ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ሲገፋው ብሎኑን የሚይዘው ቆርቆሮው ሳይሆን ማገሩ ነው። ለፓኔል የሚሰጠው የኃይል ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ 25 ዓመት ሲሆን ከሥሩ ያለው እንጨት አምስት ዓመት መቆየቱ ያጠራጥራል። ፓኔሉ ከተሰቀለ በኋላ ማገር መለወጥ ማለት ሁሉን አውርዶ እንደገና መስቀል ስለሆነ አናጺ የሚጠራው አሁን ነው።

የካቲት 3

ከአናጺው በፊት ግን ፓኔሉ በየትኛው ገጽ እንደሚውል መታወቅ ነበረበት። ጣሪያችን ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ወደ ደቡብ፣ ሌላው ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ ዝንባሌው 12 ዲግሪ ያህል ነው። ያነጋገርኳቸው ሁለቱም ገጣጣሚዎች «ፓኔል ወደ ደቡብ ነው» አሉኝ። ደንቡ ከምድር ወገብ ራቅ ብለው በስተሰሜን ለሚገኙ አገሮች ትክክል ነው፤ ጅማ ግን በ7.7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ነገሩ እንደ ወቅቱ ይለያያል።

ግቢው ውስጥ አንድ ሜትር ዱላ በቱምቢ አቁሜ ጥላውን ለካሁ። ጥላው ከሁሉ ያጠረው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ሲሆን ርዝመቱ 41 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ወደ ሰሜንም ወድቋል፤ ስለዚህ አሁን ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ናት። (ቀትር ከ6 ሰዓት ዘግይቶ የሚደርሰው በአመዛኙ ሰዓታችን የሚቆጠርበት የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ መስመር ከኛ በስተምሥራቅ ርቆ ስለሚያልፍ ነው።) ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ግን ፀሐይ በቀትር በቀጥታ ከአናታችን ላይ ትሆናለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ቀትር ላይ የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው። እነዚህ ወራት ደግሞ የጅማ ዝናብ የሚበረታባቸው ናቸው።

የሒሳቡ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። በታኅሣሥ ቀትር የሰሜኑ ገጽ ከደቡቡ ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋ ብርሃን ያጣል፤ በታኅሣሥ ግን ብርሃን ስለሚተርፈን ጉዳቱ አይሰማም። የሚያጥረን በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ ሰሜኑ በጥቂቱም ቢሆን ይሻላል። ደመናው ሲከብድ ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ ተበትኖ ስለሚመጣ የአቅጣጫ ልዩነት እንደሚጠብ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደቡቡን ገጽ ከቀትር በኋላ የራሳችን አቮካዶ ያጠላበታል። በሁለቱም ምክንያት ሰሜኑን መረጥኩ። አንደኛው ገጣጣሚ «በኋላ እንዳትወቅሰኝ» ብሎ ሄደ፤ ሥራውን ከሁለተኛው ጋር ቀጠልኩ።

የካቲት 12

አናጺው በሰሜኑ ገጽ 11 ማገርና 2 ወራጅ ለወጠ። አዲሱ እንጨት የተሰነጠቀ ሞራሌ ሲሆን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቷል፤ ሽታው ለሳምንት ከቤት አልወጣም። እንጨት፣ ሚስማርና የእጅ ዋጋ በአንድ ላይ 31,200 ብር ሆነ። በፕሮፎርማው ውስጥ አንድም ሳንቲም ያልተያዘለት ወጪ ይህ የመጀመሪያው ነው።

መጋቢት 4

ዕቃው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአይሱዙ ተጭኖ ደረሰ፤ መጓጓዣው 5,500 ብር። ዋጋው አልጨመረም። ፓኔሎቹን ሳልረከብ የእያንዳንዱን ጀርባ፣ ጠርዝና መስታወት አየሁ፤ ፀሐይ ላይ አቁሜ ቮልቴጃቸውንም በመልቲሜትር ለካሁ። ሁለቱም ደህና ነበሩ።

በምሥራቅ በኩል የጎረቤታችን የሐጂ ዋንዛ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ጣሪያውን ያጠላዋል። ሄጄ «ሐጂ፣ ወደ እኛ ያጋደለችውን ቅርንጫፍ ልናስቆርጣት ፈልገን ነበር፤ እርስዎ ከፈቀዱልን» አልኳቸው። «ልጄ፣ ዋንዛ በጾም አይቆረጥም የሚል ሕግ የለም፤ ግን ቆራጩም ጾመኛ ነው፤ ከዒድ በኋላ ይሁን» አሉኝ። ይሁን ብዬ ተመለስኩ።

መጋቢት 9

ትልቁ ስሕተት የኔ ነው። ፓኔሎቹ ተሰቅለው፣ ሽቦው ተገናኝቶ ኢንቨርተሩ ሲበራ የፓኔል ምልክቱ አልመጣም። ገጣጣሚው ኤምሲ ፎር የሚባሉትን የፓኔል ሽቦ ማያያዣዎች ሁለት ጊዜ ፈታ፣ ሁለት ጊዜ ገጠመ። ከዚያ እኔ ዕቃው ሲመጣ ያልከፈትኩትን መመሪያ ገልጬ አነበብኩ፤ ኢንቨርተሩ ከፓኔል የሚቀበለው ቮልቴጅ ከ120 እስከ 450 ነው ይላል። የአንዱ ፓኔል ቮልቴጅ ምንም ሳይጫንበት 49.8 ነው፤ ሁለቱ ተከታትለው ሲያያዙ 99.6 ይሆናሉ። ዕድሜ ልካቸውን ፀሐይ ላይ ቢሰጡም ይህን ኢንቨርተር አይቀሰቅሱትም። ሻጩ ሁለቱን ዕቃዎች በአንድ ወረቀት ላይ ሲጽፍ እኔም ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አላስቀመጥኩም።

ሦስት ቢሆኑስ? የአንዱ የሥራ ቮልቴጅ 41.9 ስለሆነ የሦስቱ 125.7 ነው፤ ከ120 በላይ ስለሆነ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን በፓኔል ጀርባ የሚጻፈው ቁጥር ሴሉ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሳለ የተለካ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ በቀትር ሴሉ 60 ዲግሪ ሲደርስ ቮልቴጁ 12 በመቶ ገደማ ይወርዳልና ሦስቱ በዚያ ሰዓት 111 አካባቢ ናቸው። ፀሐይ በበረታ ቁጥር ከወሰኑ በታች መውረድ ማለት ነው። አራት ሲሆኑ ግን በሙቀትም 148 ያህል ይሰጣሉ፤ ከፍተኛው 199 ቢደርስም ከ450 በብዙ ይርቃል። ሁለት ተጨማሪ ፓኔል አዘዝኩ፤ ሌላ 35,000 ብር።

መጋቢት 24

ዋንዛው ትናንት ተቆረጠ፤ ሐጂ ቅርንጫፉን ለበርጩማ ይሆናል ብለው አስቀሩት። ሁለቱ ፓኔሎችም ደርሰው ዛሬ ተሰቀሉ። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል 12 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተትቷል፤ አየር በሥሩ ካላለፈ ከላይ የተባለው ሙቀት ይብሳል። ፓኔሎቹ ለሚያርፉበት ሐዲድ፣ ለመንጠቆውና ለብሎኑ 14,500 ብር ከፈልኩ።

ለሙከራ አንዱን ፓኔል በነጠላ ሸፈንኩት። ከ1,640 ዋት ወደ 1,190 ወረደ። አራቱ በአንድ መስመር ተከታትለው ስለተያያዙ የአንዱ ጥላ ሌሎቹንም ይጎትታል፤ በእያንዳንዱ ፓኔል ጀርባ ያሉት ዳዮድ የሚባሉ ትንንሽ ዕቃዎች ጥላ ያረፈበትን ክፍል ተሻግረው ኃይሉን ባያሳልፉት ኖሮ ከዚህም በወረደ ነበር። ሁለቱን በሰሜን፣ ሁለቱን በደቡብ ገጽ ማድረግ ያልቻልነውም ለዚሁ ነው፤ ይህ ኢንቨርተር የፓኔል መግቢያው አንድ ብቻ ነው።

መጋቢት 28

የሽቦ ሥራ፤ ሦስት ቀን ፈጀ። ገጣጣሚው ትጉህ ሰው ነው፤ በሦስት ነገር ግን አልተግባባንም።

አንደኛው ብሬከሩ ነው። ከፓኔሉ በሚመጣው መስመር ላይ ሊያስገባ ያመጣው ተራውን የቤት ብሬከር ነበር። የቤቱ ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ) ኃይል በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲከፈት ብልጭታው ራሱ ይጠፋል፤ ከፓኔሉ የሚመጣው ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኃይል) ግን ዜሮ የሚባል ስለሌለው ብልጭታው እየነደደ ሊቀጥል፣ ሳጥኑንም ሊያቃጥል ይችላል። ዲሲ ተብሎ የተጻፈበት ብሬከር ጅማ ውስጥ በሦስተኛው ሱቅ ተገኘ።

ሁለተኛው የባትሪው ገመድ ነው። 3,000 ዋት በ24 ቮልት 125 አምፒር ማለት ነው። የመጣው ገመድ ባለ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር፤ ካውያና ፓምፑን አብረን ለሩብ ሰዓት ስናስነሣ ገመዱ በእጅ ሲነካ የሞቀ ብርጭቆ ሻይ መሰለ። በባለ 35 ተለወጠ፤ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል እንዳይበልጥ ባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ ተጠጋ።

ሦስተኛው ከሁሉ አድካሚ ነበር። አምፖሎቹ፣ ፍሪጁና ሶኬቶቹ ከምጣዱና ከምድጃው ተለይተው የራሳቸው ሳጥን ሊኖራቸው ይገባል። የቤታችን ሽቦ ግን በየጊዜው የተቀጣጠለ ስለሆነ የሳሎኑ ሶኬትና የምድጃው መስመር አንድ ኒውትራል (ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ) ይጋሩ ነበር። ፌዙን (ኃይሉ የሚመጣበትን ሽቦ) ብቻ ለይተን ኒውትራሉን ሳንለይ ስናስነሣው ሳጥኑ ወዲያው ዘለለ። ኮርኒስ ውስጥ ገብተን ሙሉ ቀን ሽቦ ስንከተል ዋልን። የኢንቨርተሩን መውጫ ሁለት አፍ ባለው ገመድ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን ሁሉ ማብራት ይቻላል ብሎ የመከረኝ ሰው ነበር፤ ይህ በፍጹም የማይሞከር ነው፤ ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገዱ መስመር ይወጣና መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ለገመድ፣ ለብሬከር፣ ለሳጥንና ለመብረቅ መከላከያ 21,800 ብር። የገጣጣሚው ክፍያ በተጨመረው ሥራ ምክንያት 18,000 ሆነ።

ሚያዝያ 2

በሙሉ ኃይሉ የሠራበት የመጀመሪያ ቀን። ቀትር ላይ፣ በ6 ሰዓት ከ34፣ ግቢው ውስጥ ያለው ዱላ ጥላ አልነበረውም። ባትሪው ከ5 ሰዓት በፊት ሞላ። ከዚያ በኋላ ኢንቨርተሩ ከፓኔሉ የሚወስደው ቤቱ የሚጠቀምበትን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ይባክናል። ስለዚህ ካውያ፣ ውሃ ማፍላትና ፓምፕ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሆኑ ተስማማን።

ሚያዝያ 19

ጅማ ላይ ዝናብ ክረምትን አይጠብቅም። ሌሊት ከአልጋችን በላይ ካለው ኮርኒስ ጠብታ ጀመረ። ጠዋት ስወጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፓኔሎች ከተሰቀሉባቸው ብሎኖች ሦስቱ የገቡት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ መሆኑን አየሁ። ሲልከን ተቀብቶባቸዋል፤ ፀሐዩ ግን ልጦታል። ብሎኖቹ ወደ ጉብታው ተዛወሩ፣ ከሥራቸው ጎሚኒ ገባ፣ የቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች በቁራጭ ቆርቆሮ ተደፈኑ፤ የኮርኒሱን ጥገና ጨምሮ 2,700 ብር።

ግንቦት 15

ምሽት ላይ የመንገዱ መስመር ቮልቴጅ እስከ 165 ድረስ እየወረደ፣ ኢንቨርተሩ መብራት ጠፋ ብሎ ወደ ባትሪ ይዞርብን ነበር። ከ170 በታች የማይቀበል ሆኖ ተስተካክሎ የመጣ ነው። የሚቀበለውን ወሰን ሰፋ ሳደርገው መዞሩ ቆመ፤ ፍሪጁ ግን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለሚጎዳው ለብቻው ስታብላይዘር ላይ ነው፤ ይህ ቀድሞም የነበረን ነው።

ጦጣዎቹን አላሰብኳቸውም ነበር። ከአቮካዶው ወደ ጣሪያው እየዘለሉ በፓኔሎቹ መካከል የተንጠለጠለውን ሽቦ ይጎትታሉ፤ አንዱን ማያያዣ ግማሽ ድረስ አላቀውታል። ሽቦው ሁሉ ወደ ሐዲዱ ተጠግቶ ታሰረ፤ ወደ ታች የሚወርደውም በቱቦ ውስጥ ገባ።

ግራውንዱ ከመጀመሪያው ተሠርቷል፤ የፓኔሎቹ ፍሬም፣ ሐዲዱና የኢንቨርተሩ አካል በአንድ ሽቦ ተያይዘው መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ይገናኛሉ፤ 6,400 ብር። ዘንጉን የቀበርነው ከሮቶው የሚተርፈው ውሃ በሚፈስበት ቦታ ነው፤ ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ባለፈው ሳምንት ከባድ ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ የመብረቅ መከላከያው መስኮት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ተለውጦ አገኘሁት። ራሱን ሠውቶ ኢንቨርተሩን አትርፏል ማለት ነው፤ ምትኩ 2,400 ብር።

ሐምሌ 20

ሦስት ቀን ፀሐይ አላየንም። ከ2,200 ዋት ውስጥ በቀትር የታየው ከፍተኛው 310 ነው፤ የትናንት ድምር 1.9 ኪሎዋት ሰዓት፣ የዛሬ 1.6። ኢንቨርተሩ መጀመሪያ ሶላር፣ ቀጥሎ ባትሪ፣ መጨረሻ መስመር በሚል ቅደም ተከተል ተስተካክሎ ስለነበር ማታ መብራት እያለ ባትሪውን ሲበላ ያመሽና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መስመሩ ሲጠፋ ባትሪው ባዶ ሆኖ ተገኘ። እስከ ንጋት በጨለማ ቆየን፤ ይህን ሁሉ ካወጣን በኋላ የመጀመሪያው ጨለማችን ነው። ለክረምት ባትሪው መጨረሻ እንዲሆን ቅደም ተከተሉን ለወጥኩ፤ አሁን መስመሩ ካልጠፋ ባትሪው ሞልቶ ይቆያል።

ሁለት ፓኔል ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ቁጥሮች በግማሽ ይወርዱ እንደነበር ሳስብ የመጋቢቱ ስሕተት ጠቅሞናል። ፕሮፎርማው የተሠራው ለበጋ ነበር።

ነሐሴ 29

ድምር፦ 322,500 ብር። ከፕሮፎርማው 122,500 ይበልጣል፤ ከዚህ ለተጨማሪዎቹ ፓኔሎች የወጣው 35,000 ብቻ ነው፤ የቀረው ለጣሪያው፣ ለሽቦው፣ ለግራውንዱ፣ ለመጓጓዣውና ለጥገና ነው። ከመብራት ክፍያ ያተረፍኩት በወር ከ300 ብር ብዙም አልበለጠም። በዚህ ስሌት ወጪውን ለመመለስ ከ80 ዓመት በላይ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ወጪ ይቀንስልኛል ብሎ የሚጀምር ሰው ምጣዱን ያልነካ ሶላር የመብራት ቢሉን ብዙም እንደማይቀንስለት አስቀድሞ ይወቅ። እኛ የገዛነው መብራት የማይጠፋበትን ማታ ነው፤ ከሐምሌ 20 ወዲህ አንድም ቀን አልጨለመብንም።

ትናንት ፓኔሎቹን አጠብኩ። ዝናቡ አቧራውን ቢያነሣም ጥንብ አንሣዎቹ የጣሉትን ኩስ አላስለቀቀውም፤ ውሃና የጨርቅ መወልወያ ብቻ፣ ያውም በማለዳ መስታወቱ ሳይሞቅ። ሐጂ ከአጥር ማዶ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና የሳቸው ቤት ስንት ፓኔል እንደሚፈልግ ጠየቁኝ። ካቻቢቴና የባትሪ መብራት ይዤ ቅዳሜ ኮርኒሳቸው ውስጥ እገባለሁ።